ኪስ የማይጎዳ የጤና ስማርት ሰዓት እንዴት ይመረጣል?

የመጀመሪያው ስማርት ሰዓቴ ሳጥን ላይ የልብ ምትን፣ የደም ግፊትን፣ የደም ስኳርን፣ የሰውነት ሙቀትንና ጭንቀትን እንደሚለካ በትልልቅ ፊደላት ተጽፎ ነበር። አምራቹ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ቢሆንም ዋጋው ከአንድ ጥንድ የስፖርት ጫማ ያነሰ ስለነበር ጥሩ ገበያ የቀናኝ መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ስሞክረው የደም ግፊቴ 118 በ76 መሆኑን ነገረኝ፤ እሰየው ብዬ ተቀመጥኩ። ልጄ ግን ሰዓቱን ወስዳ ጠረጴዛ ላይ በነበረ ብርቱካን ላይ ብታስረው፣ ብርቱካኑም 121 በ79 የሆነ ጤናማ የደም ግፊት ተገኘበት።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ሆነ ለዘመድ ወዳጅ ሰዓት ስመርጥ አንድ ሚዛን አለኝ፦ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጥ ሰዓት እለካለሁ የሚለው ነገር በበዛ ቁጥር የሚታመንበት ነገር ያንሳል። ጥቂት ነገር በቅጡ የሚለካ ሰዓት ግን ዛሬ በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል። ከዚህ በታች የምዘረዝረው እርሱን የመለያ መንገድ ነው። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይጠቅማል፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ከመጨረሻው፣ ማለትም ከሱቁ መስታወት፣ ስለምንጀምር ነው።

መጀመሪያ፦ ሰዓቱ የሚመልስልዎትን ጥያቄ ይወስኑ

ወረቀት ይያዙና ከሰዓቱ ማወቅ የሚፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «በቀን ምን ያህል እንደምራመድ ማወቅ እፈልጋለሁ» የሚል ሰው እና «በኅዳር ወር ለታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ስዘጋጅ ፍጥነቴን መከታተል እፈልጋለሁ» የሚል ሰው አንድ ዓይነት ሰዓት አያስፈልጋቸውም። የመጀመሪያው በቀጭን ባንድ፣ ማለትም እንደ አምባር ባለ ቀላል የእጅ መሣሪያ ይረካል፤ ሁለተኛው በውስጡ ጂፒኤስ (ያሉበትን ቦታ በሳተላይት የሚያውቅ መሣሪያ) ያለው ሰዓት ይፈልጋል። እንቅልፉን መከታተል ለሚሻ ሰው ደግሞ ከስክሪኑ ስፋት ይልቅ የሰዓቱ ቅለትና የባትሪው ዕድሜ ይበልጣል፤ ሌሊት ተወልቆ የሚያድር ሰዓት ስለ እንቅልፍ የሚነግረው ነገር የለምና።

የጻፉት ዓረፍተ ነገር ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር ከሆነ ግን ገንዘቡን በሰዓት ላይ አያውሉት። በክንድ ላይ የሚታሰር፣ አየር የሚሞላ የደም ግፊት መለኪያ ወይም በጣት ደም የሚሠራ የስኳር መለኪያ ከፋርማሲ ይግዙበት። ምክንያቱን ቀጥሎ እንመልከት።

ሁለተኛ፦ መሣሪያው በእርግጥ ሊለካ የሚችለውን ይለዩ

በሰዓቱ ጀርባ የሚበሩት አረንጓዴ መብራቶች የልብ ምት መለኪያ ናቸው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን በብዛት ይመጥጣል፤ ልብ በመታ ቁጥር በእጅ አንጓ የደም ሥሮች ውስጥ የሚያልፈው ደም ለቅጽበት ስለሚጨምር ወደ ሰዓቱ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል፤ ሰዓቱም ይህን መብዛትና ማነስ ቆጥሮ የልብ ምት ይለዋል። ዘዴው ቁጭ ባሉበት ወይም በተረጋጋ ርምጃ በሚሄዱበት ጊዜ ጥሩ ይሠራል። ሰዓቱ ላልቶ ሲንቀሳቀስ፣ እጅ ሲቀዘቅዝ፣ እንደ ክብደት ማንሳት የእጅ አንጓን በሚያጣጥፉ ስፖርቶች ላይ፣ እንዲሁም ፍጥነት በድንገት ሲለዋወጥ ይሳሳታል። አንጓው ላይ ንቅሳት ያለበት ሰውም መሣሪያው የተዘበራረቀ ቁጥር ቢያሳየው ሊደነቅ አይገባም፤ የንቅሳቱ ቀለም ብርሃኑን ያግዳልና ሰዓቱን በሌላኛው እጅ ማሰር ይሻላል።

እርምጃ የሚቆጠረው በሌላ ሴንሰር፣ የእጅን እንቅስቃሴ በሚለካ ትንሽ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ልብስ ሲያጥቡ፣ ሊጥ ሲያቦኩ ወይም ቡና ሲወቅጡ ያልተራመዱት እርምጃ ሊቆጠርልዎት ይችላል፤ በሁለት እጅ ዕቃ ተሸክመው ሲሄዱ ደግሞ የተራመዱት ይጠፋል። (በአንድ ሠርግ ላይ እስክስታ ስመታ ምን ያህል እርምጃ እንደተቆጠረልኝ ብናገር ማንም አያምነኝም።) ስሕተቱ ከቀን ቀን ተመሳሳይ እስከሆነ ድረስ ግን የዛሬውን ከትናንት ለማነጻጸር አያግድም። በቀን 10,000 እርምጃ የሚለው ዝነኛ ቁጥርም ከሕክምና ሳይሆን በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ ቆጣሪ ስም የመጣ ስለሆነ፣ ሰዓቱ ይህን ግብ አድርጎ ቢሰጥዎት በአቅምዎ ልክ ዝቅ ማድረግ ምንም ነውር የለበትም።

የደም ኦክስጅን በቀይና በዓይን በማይታይ ብርሃን ይለካል። እዚህ ላይ የሀገራችን ከፍታ የሚያመጣው ጉዳይ አለ። አንዳንድ የሰዓት መተግበሪያ ከ95 በመቶ በታች የሆነን ቁጥር እንደ ማስጠንቀቂያ የሚያሳየው በባሕር ጠለል አካባቢ ያለውን ሰው መነሻ አድርጎ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ከድሬዳዋ ወይም ከዱባይ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከለመደው ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያይ የከፍታው ነገር ሊሆን ይችላል። በደጋ የኖረው ሰው ደግሞ የተለየ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ ያገኘው አማካይ የኦክስጅን መጠን 95.3 በመቶ ነበር። በሌላ በኩል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 የጣት ኦክስጅን መለኪያዎች ትክክለኛነት በቆዳ ቀለም ሊዛባ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ የሰዓቶቹም መሠረታዊ አሠራር ከእነዚህ መሣሪያዎች ጋር አንድ ስለሆነ ጉዳዩ ጥቁር ቆዳ ያለንን ሰዎች ይመለከተናል። የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው ሰዓቱ 97 ስላለ ብቻ ከሐኪም ቤት መቅረት የለበትም።

ወደ ደም ግፊት እንመለስ። በብርሃን ብቻ ግፊትን እናውቃለን የሚሉ ስም የለሽ ርካሽ ሰዓቶች ጤናማ መስሎ የሚታይ ቁጥር ከማሳየት ያለፈ ሥራ የላቸውም ብዬ ብናገር የተጋነነ አይሆንም። ይህን ባህርይ በቁም ነገር የያዙ አምራቾች የሄዱበትን መንገድ ማየት ይበቃል፦ ሳምሰንግ ሰዓቱ በየ28 ቀኑ በክንድ መለኪያ እንዲስተካከል ይጠይቃል፤ ሁዋዌም ዎች ዲ በተባለው ሰዓቱ ማሰሪያ ውስጥ አየር የሚሞላ ከረጢት አስገብቷል። ሁለቱም የርካሽ ሰዓት ዋጋ የላቸውም። የደም ስኳርን ያለ መርፌ እለካለሁ የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ቆዳ ሳይበሳ ስኳር እለካለሁ የሚል ማንኛውም ሰዓት ወይም ቀለበት ፈቃድ እንዳልተሰጠው ገልጾ ሕዝቡ እንዳይጠቀምበት አሳስቧል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በሐሰተኛ ቁጥር ተማምኖ መጠን ቢጨምር ራሱን ሊስት፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። በእኔ እምነት በሳጥኑ ላይ «የደም ስኳር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰዓት ሌላው ልኬቱ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው፤ በአንዱ የዋሸ በሌላው የማይዋሽበት ምክንያት የለምና።

ስለ ካሎሪ በአጭሩ፦ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ሰባት የእጅ መሣሪያዎችን ፈትነው ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስሕተት ሲለኩ፣ የተቃጠለን ካሎሪ ግን ከሁሉም የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ያህል ስቷል። ስለዚህ «ሰዓቱ 500 ካሎሪ አቃጥለሃል አለኝ» ብሎ አንድ እንጀራ መጨመር ሒሳቡ አይሠራም። የእንቅልፍ ነገርም ተመሳሳይ ነው፤ መቼ ተኝተው መቼ እንደተነሡ ሰዓቱ ደህና አድርጎ ያውቃል፣ ጥልቅና ቀላል እንቅልፍ ብሎ የሚከፋፍለው ግን ከእንቅስቃሴና ከልብ ምት ተነሥቶ የሚገምተው ነው። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት) የሚያነሡ ሰዓቶች እዚህ ከምናወራው መጠነኛ ዋጋ በላይ ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ላይ አገልግሎቱ የሚከፈተው አምራቹ ፈቃድ ባገኘባቸው አገሮች ብቻ ስለሆነ፣ ከውጭ ሊያስመጡ ያሰቡ ሰዎች ለዚህ ባህርይ ተጨማሪ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ያረጋግጡ።

ሦስተኛ፦ ከስልክዎ ጋር ይስማማ እንደሆነ ያረጋግጡ

አፕል ዎች ያለ አይፎን አይሠራም። የሳምሰንግ ጋላክሲ ፊት 3 ደግሞ በተቃራኒው ከአንድሮይድ ስልክ ጋር ብቻ ይሠራል። የሻኦሚና የአማዝፊት ሰዓቶች ከሁለቱም ጋር ይገናኛሉ፤ የሻኦሚው መተግበሪያ ሚ ፊትነስ፣ የአማዝፊቱ ዜፕ ይባላል። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ሰው ላክልኝ ብለው የሚጠይቁ ከሆነ የስልክዎን ስምና ሞዴል አብረው ይንገሩት፤ ስንት ስጦታ በዚህ ምክንያት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ለቻይና ገበያ የተሠራውን ሳይሆን «ግሎባል» የሚባለውን እንዲገዛልዎትም ያሳስቡት።

የአማርኛ ነገር ሌላው መፈተኛ ነው። በብዙ ርካሽ ሰዓቶች ላይ የግዕዝ ፊደል ስላልተጫነ በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ሲመጣ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ይታያሉ። መልእክት በሰዓት ላይ ማንበብ ዋና ፍላጎትዎ ከሆነ ሱቁ ውስጥ እያሉ አንድ ሰው «ሰላም» ብሎ እንዲልክልዎ ያድርጉ፤ ለጤና ክትትል ብቻ ከፈለጉት ግን ይህን እንደ ጉድለት አይቁጠሩበት።

የሰዓት አቆጣጠራችንንም ላንሣ። ሰዓቱ ጊዜን የሚወስደው ከስልኩ ነው፤ የቀኑ እርምጃም ወደ ዜሮ የሚመለሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በሀገርኛው አቆጣጠር እንዲያሳይ ብለው የስልኩን ሰዓት 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቢመልሱት፣ ሌሊት የተኙት እንቅልፍ ከሰዓት በኋላ የተተኛ ሆኖ ይመዘገባል፤ የቀኑ ቆጠራም የሚጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ እንዳለ ይተዉት።

አራተኛ፦ የሚከፍሉባቸውን ባህርያት ይመዝኑ

ሻጮች «ጂፒኤስ አለው» ሲሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራሉ። አንዱ ጂፒኤሱ በሰዓቱ ውስጥ ያለ ሲሆን ሌላው የስልክዎን ጂፒኤስ በብሉቱዝ የሚዋስ ነው። በጠዋት ጨለማ የሚሮጥ ሰው ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይዞ መሮጥ ሸክምም ስጋትም ስለሚሆንበት የመጀመሪያው ያስፈልገዋል፤ ለሚራመድ ሰው ግን ሁለተኛው ከበቂ በላይ ነው። ትክክለኛነቱን ለመፈተን የ400 ሜትር መም ባለበት ስታዲየም በመጀመሪያው መስመር አምስት ዙር ይሩጡ፤ ሰዓቱ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ቀረብ ያለ ርቀት መስጠት አለበት። በረጃጅም ሕንጻዎች መካከል የሳተላይቱ ምልክት እየተንጸባረቀ ስለሚመጣ በቦሌ መንገድ የሚገኘው ውጤት ከእንጦጦ ቢለይ አያስገርምም።

ውሃን በተመለከተ 5 ኤቲኤም (የውሃ ግፊትን የመቋቋም ደረጃ) የሚል ምልክት ያለው ሰዓት ለዋና ይሆናል፤ 50 ሜትር ጥልቀት መግባት ይቻላል ማለት ግን አይደለም፣ በዚያ ጥልቀት ልክ የሆነ የቆመ ውሃ ግፊትን ይችላል ማለት ነው። አይፒ 68 (ሌላ የአቧራና የውሃ መከላከያ ደረጃ) ብቻ የተጻፈበት ለዝናብና እጅ ለመታጠብ እንጂ ለዋና አይመከርም። ሁለቱም ግን ሙቅ ውሃን፣ እንፋሎትንና ሳሙናን አይወዱም፤ ውሃ የሚከለክለው ጎማ በሙቀት ይጎዳል። ፍል ውሃ ወይም ስቲም ሲገቡ ሰዓትዎን ከልብስዎ ጋር ይተዉት።

ባትሪ ለእኔ ከስክሪን ይቀድማል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር በየቀኑ ቻርጅ የሚፈልግ ሰዓት ቀስ በቀስ የሚረሳ ዕቃ ይሆናል። አምራቹ በሳጥኑ ላይ የሚጽፈው የቀን ብዛት ብዙ ባህርያት ተዘግተው የተለካ ስለሆነ፣ የልብ ምትን ሳያቋርጥ እንዲከታተልና ስክሪኑ ሁልጊዜ እንዲበራ ካደረጉ ግማሹን ያህል ይጠብቁ። የቻርጀሩ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠራ በመሆኑ ትርፍ ገመድ ይገኝ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

አምስተኛ፦ ዋጋውን በዶላር ያስቡ

የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የትናንት የብር ዋጋ ለዛሬ አያገለግልም። እኔ የማደርገው የሞዴሉን የመጀመሪያ የውጭ ዋጋ አግኝቶ በዕለቱ ምንዛሪ ማስላትና የማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ መጨመር ነው። ለምሳሌ የሻኦሚ ስማርት ባንድ 9 በአውሮፓ 40 ዩሮ ገደማ፣ ጋላክሲ ፊት 3 በአሜሪካ 60 ዶላር፣ በውስጡ ጂፒኤስ ያለው አማዝፊት ቢፕ 6 ደግሞ 80 ዶላር ሆነው ነው ገበያ የወጡት። ሦስቱም 5 ኤቲኤም የውሃ መከላከያ አላቸው። ምርጫው ለእኔ እንዲህ ነው፦ ለሚራመድና እንቅልፉን ለሚከታተል ሰው ባንዱ፣ አንድሮይድ ስልክ ላላቸው አረጋዊ ወላጅ መውደቅን የሚያውቀው ፊት 3፣ ለሯጭ ቢፕ 6። አዲስ ሞዴል ሲወጣ ያለፈው ዓመት ሞዴል ዋጋው ስለሚወርድና ሴንሰሩ ብዙም ስለማይለይ፣ በአንድ ዓመት ያረጀውን አዲስ ዕቃ መግዛት ብልህነት ነው።

ይህ ስሌት ኮፒንም ያጋልጣል። አፕል ዎች አልትራ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ 799 ዶላር ነበር፤ እርሱን የሚመስል ሰዓት በባንድ ዋጋ ሲቀርብልዎት የሚገዙት ቅርፊቱን ብቻ ነው።

ስድስተኛ፦ ሱቁ ውስጥ ሳይቸኩሉ ይፈትኑ

መርካቶም ይሁን መገናኛ፣ ከመክፈልዎ በፊት የአምራቹን መተግበሪያ በራስዎ ስልክ ላይ ጭነው ሰዓቱን ያገናኙ። ለዚህ ዳታ ስለሚያስፈልግ ሞልተው ይሂዱ። የአምራቹ መተግበሪያ ካላወቀውና ሻጩ «ይሄኛው በሌላ አፕ ነው የሚሠራው» ካለዎት ዕቃው ኦሪጅናል አይደለም። የተገናኘው መተግበሪያ የስልክ ዝርዝርዎን፣ መልእክትዎንና ፎቶዎችዎን ለማየት ፈቃድ ከጠየቀ፣ እርምጃ ለመቁጠር ይህ ሁሉ ለምን እንዳስፈለገው ራስዎን ይጠይቁ።

ቀጥሎ ሰዓቱን ከአንጓው አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርገው፣ ጠበቅ ግን ደም የማያግድ አድርገው ይሰሩ። ለሁለት ደቂቃ ይቀመጡና በሌላኛው እጅ ጣቶች አንገትዎ ላይ የልብ ምትዎን ለ30 ሰከንድ ቆጥረው በሁለት ያባዙ። ከሰዓቱ ጋር ያለው ልዩነት ጥቂት ምት ከሆነ መልካም ነው። ከዚያ የሕንጻውን ደረጃ ሦስት ፎቅ በፍጥነት ወጥተው ደግመው ይለኩ፤ ልብዎ እየመታ ሰዓቱ አሁንም 74 የሚል ከሆነ መልሱለት። ብርቱካኑን በተመለከተ ፍትሐዊ ልሁን፦ ብርሃን በሚመልስ ነገር ላይ ጥሩ ሰዓትም ተታልሎ የልብ ምት ሊያሳይ ስለሚችል ይህ ፈተና ለልብ ምት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ለዳቦ የደም ግፊት የሚሰጥ ሰዓት ግን ጉዳዩ ያለቀለት ነው።

ያገለገለ ዕቃ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ሰዓቱን ከራሱ አካውንት ዓይንዎ እያየ እንዲያላቅቅ ያድርጉ፤ ካልሆነ ከእርስዎ ስልክ ጋር አይገናኝም። ፊትቢት አዮኒክ የሚባለውን ያገለገለ ሰዓት በምንም ዋጋ አይግዙ፤ ባትሪው ከመጠን በላይ እየሞቀ ሰው ስላቃጠለ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ከገበያ ተሰብስቧል።

ሰባተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ዕድሜዎን፣ ቁመትዎንና ክብደትዎን ሳይዋሹ ያስገቡ፤ ሰዓቱ የጥረት ደረጃዎን የሚያሰላው አብዛኛውን ጊዜ ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ ነው። የ40 ዓመት ሰው ከፍተኛ ምት በዚህ ስሌት 180 ሲሆን፣ መካከለኛ የሚባለው እንቅስቃሴ በ115 እና በ137 መካከል ይውላል። የልብ ምት የሚቀንስ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ይህን ስሌት ትቶ ሐኪሙን ይጠይቅ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ስለሚመክር፣ ከእርምጃ ቁጥር ይልቅ እነዚህን ደቂቃዎች የሚቆጥረውን ገጽ ዋና ገጽዎ አድርጉት።

በነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ምንም ሳይቀይሩ፣ በእረፍት ላይ ያለ የልብ ምትዎን ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ፣ ከቡና በፊት፣ በየዕለቱ ይመዝግቡ። የአንድ ቀን ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ የአሥራ አራቱ ቀን አማካይ ግን የእርስዎ መነሻ ነው። ሌሊት ሲያንቃዠኝ ባደረ ትኩሳት ማግስት የእኔ ከወትሮው በአሥር ምት ከፍ ብሎ አይቻለሁ፤ መነሻዬን ባላውቅ ኖሮ ቁጥሩ ምንም አይነግረኝም ነበር። ሰዓቱን በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት እያወለቁ ማሰሪያውንና ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ቆዳዎ ከቀላ ወይም ካሳከከዎት እስኪደርቅና እስኪሽር ድረስ በሌላኛው እጅ ይሰሩት።